የአዬ ድርሻ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ወላይታ ሶዶ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የመውጫ ፈተና ልንፈተን ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ፈተናው ላይ ምን እንደተጠየቅኩ እንኳ ረስቻለሁ። ያቺን እሁድ ግን ልርሳት ብልም እምቢ አለችኝ። ሲወራ ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ «ለዚህ ነው እንዴ?» እንዳልባል ለማንም አልነገርኩም። አሁን ግን መሸከሙ ሰለቸኝ። ስም ቀይሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሶዶ ስመደብ ከተማዋን ያገኘኋት ካርታ ላይ ፈልጌ ነው። ዶርማችን ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። ከሦስቱ ይበልጥ የምቀርባት ከእኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው ምሕረት ናት፤ የሁምቦ ልጅ። እናቷን በቋንቋቸው «አዬ» ትላታለች። እኛም ሴትየዋን ሳናያት አዬ ማለት ለመድን። አባቷ የሞተው ምሕረት ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ ያሳደገቻትም ያስተማረቻትም አዬ ናት፤ በዚያ በሚያቃጥል ሜዳ በቆሎና ኦቾሎኒ እየዘራች።

ምሕረት ከስኳር ጋር የተለየ ፍቅር ነበራት። ከሎከሯ ውስጥ፣ ከጫማዎቹ ሥር፣ በአሮጌ ሻርፕ የተጠቀለለች የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረችን። ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው፤ ፕሮክተሮቹ ምድጃ ካገኙ ይወርሳሉ። የኛዋ ግን ዓመታት ሙሉ አልተገኘችም። እንዴት እንዳልተገኘች እኔንም ይገርመኛል፤ ስኳር ሲቀልጥ ሽታው ፎቁን ሁሉ ያዳርሳል እኮ።

የምትሠራው ነገር ቀላል ነው። ኦቾሎኒውን ትቆላለች፣ በመዳፏ እያሸች ገለባውን በመስኮት እፍ ትላለች። ከዚያ ስኳሩን ጠብታ ውሃ ሳታስነካ ብረት ድስት ላይ ታቀልጠዋለች። ቀለሙ ሻይ ሲመስል ኦቾሎኒውን ትገለብጥበትና ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ አፍስሳ በጠርሙስ ትዳምጠዋለች። ሳይደርቅ በማስመሪያ ትቆርጠዋለች። ሲቀዘቅዝ ጥርስ የሚፈታተን ጣፋጭ ይወጣዋል። ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ እንዳይጥለን እሱን እየቆረጠምን ነበር የምናጠናው፤ ስሙንም «አንቂ» አልነው። ከሌላ ዶርም ሳይቀር እየመጡ «አንቂ አላችሁ?» ይሉን ነበር። ኦቾሎኒውን ከሁምቦ የምትልከው አዬ ናት፤ በሚኒባስ ሹፌር እጅ።

ሌላም ልማድ ነበረን። ፈተና ሲቃረብ ስልኮቻችንን በሙሉ አንድ ሎከር ውስጥ እንቆልፍባቸውና ቁልፉን አንዳችን እንይዛለን። ስልክ ይዞ ጥናት የለም፤ ሞክረነዋል። በዚያ ሳምንት ባለቁልፏ እኔ ነበርኩ። ለድንገተኛ ነገር ተብሎ የኔ ትንሿ ባለበተን ስልክ ብቻ ክፍት ትሆናለች፤ የአራታችንም ቤተሰቦች ቁጥሯን ያውቃሉ። ይህን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ምነው ያኔ አፌን በዘጋው።

እሁድ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ምሕረት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ሌሎቹ ሁለቱ ላይብረሪ ናቸው። ትንሿ ስልኬ ጮኸች። የምሕረት ታላቅ ወንድም ጋሽ ማርቆስ ነበር፤ እዚያው ሁምቦ አስተማሪ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው የረጋ ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ጥናቱስ አለኝ። ከዚያ ብቻዬን መሆኔን ጠየቀኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

አዬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስትለባብስ ወድቃ በዚያው ቀርታለች። ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪም ቤት እንኳ አልደረሰችም።

«እህቴ፣ እንዳትነግሪያት። ማክሰኞ ትፈተን። ከፈተና ስትወጣ አንቺ ይዘሻት ነይ፤ እኛ በወጉ እናረዳታለን» አለኝ።

ቀብሩስ መቼ ነው አልኩት። ነገ ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ። አልቸኮለም፤ እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አሁን ብትሰማ ወይ አትፈተንም፣ ወይ ተፈትና ትወድቃለች። አዬ ለዚህች ቀን ስትል ነው ወገቧ የጎበጠው። ራሷ አዬ ብትጠየቅ ልጄ ትፈተን ነው የምትለው። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ይቅርታ አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። እኔ አገርም መርዶ እንዲሁ ነው። ሰው በስልክ አይረዳም፣ በመንገድ አይረዳም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ፣ በወጉ ነው። እኔ ራሴ አያቴ መሞታቸውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩም። ስለዚህ እሺ አልኩት። አንዲት ቃል ናት፤ ለመናገር ጊዜ አትወስድም።

ዶርም ስመለስ ምሕረት እጇን እያደረቀች «ሰኒ፣ ዛሬ አንቂ እንሥራ» አለችኝ። ስሜ ሰናይት ነው፤ ሰኒ የምትለኝ እሷ ናት። ከአልጋዋ ሥር ፌስታሉን ስባ አወጣች። ኦቾሎኒው ሐሙስ ዕለት የመጣ ነው፤ አዬ በእጇ ፈልፍላ የላከችው።

አሞኛል ልበል ብዬ ነበር። ግን ብተኛ እሷ ብቻዋን ትሆናለች፤ ብቻዋን ከሆነች ወደ ሌላ ዶርም ትሄዳለች፤ እዚያ ስልክ አለ፣ የሁምቦ ልጆችም አሉ። ስለዚህ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ገለባ ማሸት ጀመርኩ። የሟች እጅ የፈለፈለውን ኦቾሎኒ ለልጇ እያሸሁ ነበር። ምሕረት ትዘፍናለች፣ ታማስላለች፣ አንዳንዴ ፍሬ ከድስቱ ታነሳና አፌ ውስጥ ትጨምርልኛለች። ዋጥኩት። ምን ላድርግ።

የኛን አንቂ ጨርሳ ትሪው ላይ ከዘረጋች በኋላ ምድጃዋን አላጠፋችም። ከሎከሯ የዱቄት ወተት አወጣች። የቀረውን ኦቾሎኒ በሶፍት ጠቅልላ በጠርሙስ ማድቀቅ ጀመረች። ምንድነው ደግሞ ይሄ አልኳት።

«ይሄ የአዬ ድርሻ ነው» አለችኝ። «አዬ ጥርሱ ደክሟል፤ የኛን አይችልም። ወተት ሲገባ እንደ ዳቦ ይለሰልሳል።»

ስትቸኩል ወንድና ሴት ይምታታባታል፤ ሌላ ጊዜ እንስቅባት ነበር። ማክሰኞ ከፈተና እንደወጣች ራሷ ይዛላት እንደምትሄድም ነገረችኝ። እኔ ምን ብዬ ሁምቦ እንደምወስዳት ስጨነቅ እሷው መንገዱን አበጀችልኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ደስታዋን ባያችሁት። አራት ዓመት ሙሉ ቤታችን ነይ ስትለኝ ዛሬ ነገ እያልኩ አልሄድኩም ነበርና፣ አዬ አንቺን ሳታይ እንዳትሞት እኮ ነው የፈራሁት አለችኝ እየሳቀች። ዞር ብዬ መስኮት ከፈትኩ።

ስኳሩና ወተቱ ገና ሲቀላቀሉ መብራት ሄደ። ለኔ ግልግል ነበር። ተይው በቃ፣ ለእናትሽ ሶዶ ገበያ ብስኩት እንገዛለን አልኳት። አልሰማችኝም። ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ሙቀቱ እንዳይሄድ። ያንን ድስት ታቅፋ ማስታወሻዋን ታነባለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አያታለሁ። በየመሀሉ ምነው ዛሬ ፊትሽ ትለኛለች፤ ፈተናው እላለሁ። አንቺማ ታልፊያለሽ፣ ፍሪ ብባል የምፈራው ለራሴ ነው ብላ ታጽናናኛለች። እኔን ታጽናናኛለች እንግዲህ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መብራት መጣ። ስኳሩ ድስቱ ላይ ድርቅ ብሎ ተጣብቋል። ውሃ ጠብ እያደረገች፣ በዝግታ እያማሰለች መልሳ አቀለጠችው። የቤቱ ሽታ ያኔ ነው የባሰው። ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተንኳኳ።

ፕሮክተራችን እትዬ ዘነበች ናት። ድምፀ ወፍራም የሶዶ ሴት፤ ሁላችንም እንፈራታለን። ከምድጃዋ ፊት ቆመችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ስታፈላልጋት የኖረችውን አገኘቻት። ሽቦውን ነቅላ ይዛ ልትወጣ ስትል እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ጎተትኳት። ተማሪ ፕሮክተር አይጎትትም፤ እሷም ደንግጣ ተከተለችኝ። በጆሮዋ ነገርኳት። ያንን ነገር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንባዬ ያኔ መጣ።

እትዬ ዘነበች አፏን በእጇ ያዘች። ምድጃዋን መለሰችልኝ። ከዚያ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝና ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«እናቱን ያልቀበረ ሰው ሐዘኑ አይወጣለትም» አለች። «እኔ ምን አገባኝ፣ ቤተሰቧ ያውቃል። አንቺ ግን አስቢበት።»

አስቢበት ብላኝ ሄደች። እኔም አሰብኩ። ዘንድሮ ካልተፈተነች የአራት ዓመት ልፋቷ ምን ይሆናል አልኩ። ወንድሟ የሚያዝዘውን እኔ ማን ነኝና አፈርሳለሁ አልኩ። ልክ ዶርም ስገባ ምሕረት በሳቅ ፈነዳች፤ እትዬ ዘነበችን ምን አፍዝ አደንግዝ አድርገሽባት ነው ትለኛለች። የአዬን ድርሻ እየቆራረጠች በደብተር ወረቀት ስትጠቀልል ነበር። እውነትም ለስላሳ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ቀኑ አልመሽ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሕረት አልጋዋ ላይ ተጋድማ አንቂ እየቆረጠመች ጥያቄ ትሠራ ነበር። የመቆርጠሟ ድምፅ ይሰማኛል። አሁን አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነው፣ አሁን አፈር እየመለሱ ነው እያልኩ በልቤ እቆጥራለሁ። ሁምቦ እኮ ሩቅ አይደለም። ተነሽ ብላት፣ ባጃጅ ብንይዝ፣ ሚኒባስ ብንይዝ ትደርስ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ። ያኔ በቃ ቢነገራትም አትደርስም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ። ምርጫው ከእጄ ስለወጣ ነው።

እፎይታዬ ብዙ አልቆየም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ምሕረት ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ሰኒ፣ ለአምስት ደቂቃ ስልኬን ስጪኝ። አዬ ሳትጸልይልኝ ተፈትኜ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በየፈተናው ዋዜማ ትደውላለች። አዬ ከዚያ ወገን ትጸልያለች፣ ምሕረት ከዚህ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» ትላለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ግን ያንን ሰዓት ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቅላት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ቀብሩ ስጨነቅ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስልኳን ብሰጣት ሲከፈት የስንት ሰው የሐዘን መልእክት ይዘረገፋል። ከልክያት ምን ልበላት? ከዚያ ራሴን ስናገር ሰማሁት። ደውላ ነበር እኮ አልኳት። በኔ ስልክ፣ አንቺ በሌለሽበት። ልጄ ጥናቷን ትያዝ፣ አልረብሻትም፣ ጸሎቱን አንቺ አድርሺልኝ ብላኛለች አልኳት።

ትጠረጥራለች ብዬ ነበር። ምሕረት ግን ደብተሯን ዘጋች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። እሺ ንገሪኝ አለችኝ።

እኔ በነሱ ወግ ጸሎት የት አውቄ? የአዬን ድምፅ እንኳ በስልክ ከሩቅ ነው የማውቀው። ግን ጀምሬ ነበር።

«ጌታ ያነበብሽውን ያስታውስሽ፤ ያላነበብሽውን ከፈተናው ያውጣልሽ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ። እኔ አለሁ» አልኩ።

አሜን አለች። ዓይኗን ስትገልጥ ትስቃለች፤ ያላነበብሽውን ያውጣልሽ የምትል አዬ ብቻ ናት አለችኝ። ከዚያ ቀለል ብሏት ወደ ጥናቷ ተመለሰች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆምኩ። ያቺን «አለሁ» ለምን እንደጨመርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ላይ መጣች፣ ወጣች። ስትቀበር ከዋለች ሴት አፍ «አለሁ» አወጣሁ።

ማክሰኞ ተፈተንን። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ አልገባ አለኝ። ምሕረት ከኔ በፊት ጨርሳ ውጭ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ፊቷ ፈክቷል። እጄ አልተንቀጠቀጠም አለችኝ፣ ጣቶቿን ዘርግታ እያሳየችኝ።

ከዚያው ሁምቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። የአዬን ድርሻ በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ እንዳይቀልጥ በደብተሯ ታራግብለታለች። ጋሽ ማርቆስ ከሽማግሌዎች ጋር መናኸሪያው ላይ እንደሚጠብቀን፣ መጀመሪያ አክስታቸው ቤት ወስደው እዚያ እንደሚነግሯት ተስማምተን ነበር። የኔ ሥራ እስከዚያ ማድረስ ብቻ ነው። ትንሽ ነው የቀረው እያልኩ ነበር።

መንገድ ላይ አንዲት ሙዝ የያዘች ሴት ተሳፈረች። ከኛ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ዞር ስትል ምሕረትን አየቻት፣ ሁለት እጇን ያዘችና በወላይትኛ ታናግራት ጀመር። እኔ አራት ዓመት ሶዶ ተቀምጬ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። ዘመድ ናት፣ ሰላም እየተባባሉ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሴትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነው የነቃሁት። ያኔ ነገሩ አልቆ ነበር። በሷ አልፈርድም። ቀብር ውላ የመጣች ሴት ልጅቷ አታውቅም ብላ በምን ታስብ?

ምሕረት አልጮኸችም። እጇን ከሴትየዋ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ፌስታሉን አስተካክላ ያዘች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኳት። ከመቼ ጀምሮ አለችኝ። ከእሁድ አልኳት። ቀብሩን አልጠየቀችኝም፤ ሴትየዋ ነግራታለች መሰለኝ። ልትሰድበኝ ነው፣ ትሰድበኝ፣ ደግ ታደርጋለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጸሎቱስ?»

እውነቱን መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር። ያንን ያህል ቀላል ጊዜ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ግን ፊቷን አየሁት። የተረፋት እሱ ብቻ ነበር።

«እሁድ ጠዋት ነው የደወለችው፤ ለቤተ ክርስቲያን ከመልበሷ በፊት» አልኳት።

ያኔ አለቀሰች። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው አለቀሰላት፤ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። የማላውቃቸው ሰዎች ውሃ ሰጡኝ፣ አይዞሽ አሉኝ። እኔንም አይዞሽ አሉኝ።

ሁምቦ ስንደርስ የጋሽ ማርቆስና የሽማግሌዎቹ ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ሆነ። በመሀላቸው አልፋ ነው የሄደችው። ቤቱ ከሩቅ ይለቀስበታል። ፌስታሉን ከእጇ ማን እንደወሰደው አላየሁም። ቆይቶ ግን አንዲት ሴት ለለቀስተኛው ንፍሮ ስታዞር ከሰሃኑ ዳር ያ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለው ነገር ተደርድሮ አየሁት። ሰው አንድ አንድ እያነሳ በላ። ምሕረትም አየች።

የእናቷ መቃብር ላይ እስኪመሽ ተቀምጣ ዋለች። ስትመለስ ወንድሟን በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረችው። ምን እንዳለችው አልተረጎመልኝም። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ውጤት ሲመጣ ምሕረት አለፈች፤ በጥሩ ነጥብ። እኔ ወደቅኩ። በሐዘን ትወድቃለች ተብሎ የተደበቀባት አለፈች፣ የደበቀችው ወደቀች። ይገርማል፣ በመውደቄ ብዙም አላዘንኩም። ያበሳጨኝ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤ ተፈተንኩና አለፍኩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ትጠብቂያለሽ፣ ትፈተኛለሽ፣ ታልፊያለሽ። ምሕረትም እንደዚሁ ማድረግ ትችል ነበር። ቀብር ግን ሁለተኛ ዙር የለውም። ይህን ነገር ያን እሁድ አንዳችንም አላሰብነውም።

ያን ሁለተኛ ፈተና ለመውሰድ ሶዶ ስመለስ ያረፍኩት ምሕረት በተከራየችው ቤት ነው። እሁድ ዕለት አብረሽኝ ቤተ ክርስቲያን ነይ አለችኝ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከኋላ፣ እህቱን ሊጠይቅ ከሁምቦ ከመጣው ከጋሽ ማርቆስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምስክርነት ያለው ሰው ይምጣ ሲባል ምሕረት ተነስታ ወጣች። እናቴ ልትሞት ጥቂት ሲቀራት በጓደኛዬ ስልክ ደውላ ጸልያልኛለች አለች። የመጨረሻ ቃሏ «እኔ አለሁ» ነበር፤ ቀብሯ ላይ ባልቆምም በዚያች ቃል ነው የቆምኩት አለች። ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ። ወደኔ እየዞሩ የሚያዩኝ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያመሰግኑኝ ነበሩ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስንወጣ ጋሽ ማርቆስ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አዬ እሁድ ጠዋት ስልክ አልነካችም። አብሬያት ነበርኩ» አለኝ። «ግን ተይው። ይቺን አትውሰጂባት» አለኝ።

አልወሰድኩባትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል ይላሉ። የኔው እያደር ይወፍራል። ምሕረት ቃሉን በመጽሐፍ ቅዱሷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች፤ ከሥሩ የአዬን ስም አድርጋ።

አሁን እኔ አገሬ ተመልሼ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። እሷ ሶዶ መምህርት ናት፤ ትዳር ይዛለች። ስለዚያ ሳምንት ተቀይማኝ እንደሆን ጠይቄያት፣ አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ባንቺ አፍ እኮ ነው አዬን የሰማኋት አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ለመደወል ስልኬን አነሳለሁ፤ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ የምትሰጠኝን መልስ ሳስብ አስቀምጠዋለሁ። የምፈራው እንዳትጠላኝ ብቻ ቢሆን ነግሬያት ነበር። እናቷን ሁለተኛ እንዳልገድልባት ነው። ወይም ይህንንም ለራሴ የምለው ነው፤ አላውቅም፣ ደክሞኛል።

በቅርቡ ልትወልድ ሐኪም ቤት ሄዳ፣ ወደ ማዋለጃው ሳትገባ ደወለችልኝ። ከባድ ነገር ሲገጥማት ሁሌ እንደምታደርገው፣ አዬ ያለችውን ንገሪኝ አለች። ነገርኳት፤ እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ። ስጨርስ አሜን አለች። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ሌላ ምንም አላለችም?»

ብጨምርላት እኮ ደስ ይላታል። እወድሻለሁ ብላለች፣ አኩርተሽኛል ብላለች ብላት የሚከለክለኝ የለም፤ እሷም የምትጠብቀው ያንን ነው። ባለፈው ልጨምርላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አይ» አልኳት። «ሌላ ምንም አላለችም።»

እሺ አለችኝ። ስልኩን ግን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። ነርሷ ስሟን እስክትጠራ ድረስ እንደዚያው ዝም ብለን ቆየን።